ምንም የማያመርት ፋብሪካ

በዙሪክ ሐይቅ ዳር፣ ዙሪክሆርን በሚሉት መናፈሻ ውስጥ፣ ስምንት ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የብረት ክምር ቆሟል። ቧንቧ አለው፣ ዘንግ አለው፣ ትልልቅ ጎማዎች አሉት፤ መጥበሻ መሳይ ነገሮችም ተንጠልጥለውበታል። በሞቃቱ ወራት በተወሰነለት ሰዓት መብራት ይለቀቅለትና ይነሳል። አንዱ ክንድ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ አንዱ ጎማ ወደ ፊት ሲል ጎረቤቱ ወደ ኋላ ይላል፤ መጥበሻው ይንቋቋል፣ ብረቱ ያቃስታል፣ አይስክሬም የያዙ ልጆች ይሰበሰባሉ። ከደቂቃዎች በኋላ ቀጥ ይላል። ምን ሠራ? ምንም። አንዲት ብሎን እንኳ አልወጣችም። ስሙ «ሄውሬካ» ነው፤ አርኪሜዲስ ከመታጠቢያው ዘሎ ሲወጣ ጮኸበት የሚባለው ያ «አገኘሁት!»።

መጀመሪያ የቆመው ግን እዚህ አይደለም። በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሎዛን ላይ በተካሄደው ብሔራዊ ዐውደ ርእይ ነው የተመረቀው፤ ሀገሪቱ ያላትን ሁሉ ደርድራ ራሷን በምታሳይበት ቦታ። ሰዓቱ ዝንፍ እንዲል የማይፈቅድ ሕዝብ በራሱ ድግስ ላይ ምንም የማያመርት ማሽን አቁሞ፣ ያውም «አገኘሁት» ብሎ ሰይሞ ሲስቅ ይታያችሁ። ስዊዘርላንድን የወደድኳት ይህን ያወቅሁ ጊዜ ነው። እስከዚያ አከብራት ነበር እንጂ እወዳት ነበር ለማለት አልደፍርም።

ሠሪው ዣን ቲንግሊ ይባላል። በ1925 ፍሪቡር ተወለደ፣ ባዝል አደገ፣ በ1991 በርን ላይ ሞተ። ልጅ ሳለ ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ በሚወርድ ወንዝ ላይ ትንንሽ የውኃ መዘውሮች ይተክል ነበር ይላሉ። እያንዳንዱ መዘውር በራሱ ፍጥነት ሲዞር መዶሻ ያነሳል፤ መዶሻው ቆርቆሮ ይመታል። ሰው በሌለበት ጫካ ውስጥ የቆርቆሮ ኦርኬስትራ! በኋላ በባዝል አንድ ትልቅ መደብር የመስኮት አስጌጭነት ተማረ፤ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ገባ፤ ቀራፂው ብራንኩሲ በሚኖርበት ግቢ የብየዳ ብልጭታውን ያዘንብ ጀመር። የቀረውን ለማየት ባዝል መሄድ ነበረብኝ።

ባዝል የአክስቴ ልጅ አለ። የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነው፤ እጁ ከግራሶ ተለይቶ አያውቅም። ስልክ ደውዬ ስለ ቲንግሊ ስጠይቀው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ የሰውየውን ፏፏቴ እኮ በየቀኑ ነው የማልፈው። ሙዚየሙን ግን ገብቼ አላውቅም። አሮጌ ብረት ለማየት ብዬ ደግሞ ገንዘብ ልክፈል? አሮጌ ብረት ለማየትማ አሠሪዎቼ ይከፍሉኛል።»

ፏፏቴው ከቲያትር ቤቱ ፊት ለፊት ነው። አሮጌው የከተማዋ ቲያትር በ1975 ሲፈርስ ቲንግሊ ከመድረኩ ዕቃዎች የተረፉትን ብረቶች ሰበሰበና በ1977 አሥር ፍጥረቶች አድርጎ ጥልቀት በሌለው ጥቁር ገንዳ ውስጥ አሰለፋቸው። አንዱ አካፋ ይዞ ውኃ ሲዝቅ ይውላል፤ ያፈሰዋል፣ መልሶ ይዝቃል፤ ጀርባው እስኪያሳዝን ድረስ ታታሪ ነው። አንዷ ሸረሪት ናት። አንዱ ከቲያትር ቤቱ የተረፈ «ራስ» ነው፤ የተዋናይ ኩራቱ አልለቀቀውም፣ ውኃውን የሚተፋው እንደ ንግግር ነው። አንዱ ደግሞ ሥራው መወዛወዝ ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ውኃው በላያቸው ይረጋና የበረዶ ካባ ለብሰው ይቆማሉ። የከተማው ሰው ምሳውን ይዞ ዳር ዳር ይቀመጣል። ማንም «ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አላየሁም። ትልቁ ክብር ይሄ ይመስለኛል።

ሕዝቡ ፏፏቴውን «የፋስናኽት ፏፏቴ» ይለዋል። ፋስናኽት የባዝል የጭምብል ካርኒቫል ነው። ከጾማቸው መግቢያ ረቡዕ ቀጥሎ ባለው ሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ የመሐል ከተማው መብራት ባንድ ጊዜ ድርግም ይላል። ከዚያ ከበሮና ዋሽንት፣ የተሳሉ ግዙፍ ፋኖሶች፣ ጭምብሎች። በየምግብ ቤቱ ደግሞ ጭምብል ያጠለቁ ገጣሚዎች እየዞሩ የዓመቱን ጉድ፣ ሹሙንም ባለሀብቱንም፣ በግጥምና በሥዕል ይሸነቁጣሉ። እኔ የደረስኩት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ግን ገና ሲያወራው ዓይኑ ይበራል። «ያን ሦስት ቀን አለቃዬን አታውቀውም፤ ዓመቱን ሙሉ ያልሳቀውን ይስቃታል።» ቲንግሊ ራሱ በዚህ በዓል ከሚጨፍሩት አንዱ ነበር።

ስለ ከተማዋ ትንሽ ካልተናገርኩ ማሽኖቹ ከሰማይ የወረዱ ይመስላሉ። የሂሳቡ ሊቅ ኦይለር እዚህ ነው የተወለደው፣ በ1707። ቬሳሊየስ የሰውን አካል ከፍቶ ያየበትን ታላቅ መጽሐፍ በ1543 ያሳተመው እዚሁ ነው፤ በዚያው ዓመት በእጁ የገጣጠመው አፅም ዛሬም በዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ ሙዚየም ቆሟል። መለካት፣ መክፈት፣ መገጣጠም። ግን ደግሞ ኤራስመስ የተቀበረው እዚህ ካቴድራል ውስጥ ነው፤ በአንድ መጽሐፉ ሞኝነትን ራሷን መድረክ ላይ አውጥቶ ፈላስፋውን፣ ሰዋስው አዋቂውንና የነገረ መለኮት ሊቁን በአንደበቷ ያስዘለፈው ኤራስመስ። በ1515 የዚያ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ገና ወጣት በነበረው በሆልባይን እጅ ገባና ሰዓሊው ኅዳጉን በሚያስቁ ሥዕሎች ሞላው። ቅጂው ዛሬም በከተማዋ የጥበብ ሙዚየም አለ። ስለዚህ አፅም የሚገጣጥም ከባድ እጅና በኅዳግ ላይ የሚቀልድ እጅ በዚች ከተማ ጎረቤታሞች ናቸው። ቲንግሊ ሁለቱን በብየዳ አጣበቃቸው።

ሙዚየሙ ራይን ወንዝ ዳር ባለ መናፈሻ ውስጥ ነው። አርክቴክቱ ማሪዮ ቦታ ነደፈው፤ በሮዝማ ድንጋይ ተሠርቶ በ1996 ተከፈተ። ገንዘቡን ያወጣው መድኃኒት አምራቹ ሮሽ ነው፤ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለከተማዋ የሰጠው ስጦታ። የሮሽ ሁለት ነጫጭ ሕንፃዎች ከዚያው ሆነው ይታያሉ፤ ረጅሙ 205 ሜትር ነው፣ በሀገሪቱ የሚበልጠው የለም። እዚያ ውስጥ በሚሊግራም የሚለኩ ሰዎች ይሠራሉ። እዚህ ግርጌው ደግሞ በከንቱ የሚዞር ጎማ። አንዱ ለሌላው ይከፍላል፤ ሌላው ያስቀዋል።

ገብታችሁ የምታዩት መጀመሪያ ዝምታ ነው። አዳራሹ በብረት ተሞልቷል፤ ምንም አይንቀሳቀስም። ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት ወለሉ ላይ በእግር የሚረገጥ ቁልፍ አለ። አንድ ልጅ ሮጦ ረገጠው። ከዚያማ ጉድ ነው። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከበሮ ጮኸ፤ አንድ ነገር በአንድ ነገር ላይ ወደቀ፤ ጎትቼ ያመጣሁት የአክስቴ ልጅ በደመ ነፍስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሊፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማ ሰው የሚያስወጣ ነው።

ማሽኑ ሠርቶ ሲጨርስ ቁልፉ ለተወሰኑ ደቂቃዎች እሺ አይልም። ማረፍ አለበት። ሞተሮቹ አርጅተዋል፣ ቺንጊያው ይበላል፣ ኩሽኔታው ያልቃል፤ የሙዚየሙ የጥገና ባለሙያዎች በየጊዜው ይፈቱታል፣ ይቀቡታል። መጀመሪያ ይህ መጠበቅ አናደደኝ። የቲያትር መጋረጃ መሃል ላይ እንደ ወረደብኝ ያህል ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ደስ አለው። ቁጭ ብሎ የቆመውን ማሽን ይመረምር ጀመር፤ የሚዞረውማ ለማንም ይታያል፣ የቆመውን ማንበብ የእሱ ሙያ ነው።

ያነበበው ትልቅ ሥራ ነበር፤ ቲንግሊ በ1985 የሠራው «ፋታሞርጋና»፣ የ«ሜታ-ሃርሞኒ» ቤተሰብ አራተኛ። ጎማዎቹ ከብረት አይደሉም፣ አብዛኞቹ እንጨት ናቸው፤ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ለቅርጽ ማውጫ ሲጠቀምባቸው የነበሩ። አንዱ ከሌላው በረጅም ቺንጊያ ተያይዟል። የአክስቴ ልጅ ጣቱን ሳያስነካ ጠቆመኝ። «ይቺን እያት። ላልታለች። ሆን ብሎ ነው ያላላት። ፑሌጃው ደግሞ መሃሉ ላይ አይደለም የተበሳው፤ ወደ ዳር ነው። ስለዚህ አንድ ዙር ሲዞር አንዴ ትወጠራለች፣ አንዴ ትለቃለች። ስትለቅ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ ሦስተኛውም እንደ ሁለተኛው።» ትንሽ ዝም አለና ጨመረበት፦ «እኔ ይሄን ለማስቀረት ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ።»

ስለ ቲንግሊ ካነበብኩት ሁሉ ይቺን ያህል ግልጽ ያደረገልኝ የለም። ማሽን ማለት ድግግሞሽ ነው፤ ሳይንስም ቢሆን ሙከራው ሲደገም ያው ካልመጣ አያምንም። ይህ ሰው ግን በማሽን ዕቃ፣ በማሽን ሕግ፣ የማይደገም ነገር ሠራ። ስሕተቱን በጥንቃቄ ለካው፤ ቆረጠው፣ በሳው፣ በየደው። ቀልዱ ጎማው ጠማማ በመሆኑ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጠማማነቱ በልኬት መሠራቱ ላይ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው ብዙ አይደነቅም። መርካቶ ውስጥ የሞተ ብረት ከምድጃ እስከ ማጠፊያ ተቀጥቅጦ ሲነሳ ላደገ ሰው ቁርጥራጭ ውስጥ ሕይወት ማየት የፈረንጅ ግኝት አይደለም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፦ ምናለሽ ተራ የወደቀውን ብረት ወደ ሥራ ይመልሰዋል፤ ቲንግሊ ከሥራ ነፃ ያወጣዋል። ጡረታ የወጣ ጎማ እንዲጫወት ይፈቀድለታል። የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ፣ ድስት የጎደለበት ቤት መልሱን ያውቃል። ቢሆንም አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከሁለተኛው ወገን ሆኛለሁ።

በጣም የወደድኩት ግን ትልቁን አይደለም። በአንድ ጥግ «ሜታ-ማቲክ» የሚባሉት የሥዕል ማሽኖች አሉ፤ ቲንግሊ በ1959 የሠራቸው። ጥቁር፣ ቀጫጭን እግር ያላቸው፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ነፍሳት የሚመስሉ ናቸው። ዋናዎቹ አርጅተዋል፤ ጎብኚ የሚስልበት በአምሳያቸው የተሠራ ቅጂ ነው። ወረቀት በመያዣው ላይ ታደርጋላችሁ፣ የምትፈልጉትን ቀለም ብዕር ክንዱ ላይ ታስራላችሁ፣ ሞተሩ ይነሳል። ክንዱ መጀመሪያ ያመነታል ልበል? ይንቀጠቀጣል፣ ነጥብ ነጥብ ያደርጋል፤ ከዚያ ድንገት ሰያፍ መስመር ይሰነዝራል፣ ይመለሳል፣ በዚያው ላይ ደርቦ ይጭራል። መሃል ላይ አስቁሜ ሰማያዊውን በቀይ ቀየርኩ። ክንዱ ቀዩን ብዕር ሲይዝ የተናደደ መሰለኝ፤ በእርግጥ የተናደደው የላላ ቺንጊያ ነው። ሲጨርስ የወጣው ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። አንዳንድ ጋለሪ ውስጥ ካየኋቸው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ቆሞ ስለ ውስጣዊ ስሜቱ ካብራራልኝ ሥዕሎች ይሻላል።

ነገሩ የታሰበውም እዚሁ ላይ ለመቆንጠጥ ነው። በሃምሳዎቹ ፓሪስ ሰዓሊው ቀለሙን የሚረጭበት፣ ብሩሹን በደመ ነፍስ የሚወረውርበት፣ እያንዳንዱ ጭረት የነፍሱ ማኅተም ነው የሚባልበት ዘመን ነበር። ቲንግሊ ያንኑ ጭረት በሞተር አወጣውና በኢሪስ ክሌር ጋለሪ አሳየ፤ መጥታችሁ ራሳችሁ ሳሉ አለ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ቢየናሌ ያቀረበው አሥራ ሰባተኛው ሜታ-ማቲክ በቤንዚን የሚሠራ ነበር፤ 40,000 ያህል ሥዕል እየቆረጠ ወረወረ ይባላል። የሞተሩ ጭስ ተመልካቹን እንዳያፍነው ትልቅ ፊኛ ውስጥ ይገባል፤ ለአፍንጫም አበባ አበባ የሚል ሽቶ ይረጫል። የፖለቲካ ንግግር ቢሆን ይህን ያህል አይታሰብለትም።

የሥዕል ማሽኑን ሳይ ግን ሐሳቤ ወደ ብረት ሳይሆን ወደ መጻሕፍት ሄደ። እንዲህ ያለው ማሽን ከመሠራቱ በፊት ተጽፏል። ጆናታን ስዊፍት በ1726 ባሳተመው የጋሊቨር ጉዞ ሦስተኛ ክፍል፣ ላጋዶ በምትባል ከተማ አንድ የሊቃውንት አካዳሚ አለ። አንዱ ሊቅ ስምንት ዓመት ሙሉ ከኪያር ውስጥ የፀሐይ ጨረር ለማውጣት ሲለፋ ኖሯል፤ በጠርሙስ ታሽጎ ለብርዳማ ቀን እንዲሆን። ሌላው መጽሐፍ የሚጽፍ ማሽን አለው፦ ሃያ ጫማ በሃያ ጫማ የሆነ ማዕቀፍ፣ በሽቦ የተያያዙ የእንጨት ኪዩቦች፣ በየኪዩቡ ላይ የተለጠፉ ቃላት። ዙሪያውን አርባ እጀታ አለ፤ አርባ ደቀ መዛሙርት ባንድ ጊዜ ይጠመዝዙታል፣ ቃላቱ ይገለባበጣሉ፤ ሦስት አራት ቃል ገጥሞ ዓረፍተ ነገር የመሰለ ሲገኝ ጸሐፊዎቹ ይቀዱታል። በቀን ስድስት ሰዓት። ሊቁ ማንም መሃይም በትንሽ ወጪ ፍልስፍናም ግጥምም ሊጽፍበት ይችላል ይላል። ስዊፍት ሲቀልድ የነበረው በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሙከራዎች ላይ ነው። በኪሱ የሚጽፍ ማሽን ይዞ የሚዞር የዛሬ አንባቢ ግን ሳቁን በማን ላይ እንደሚያወርደው እንጃ።

ቀጥሎ ሬይሞን ሩሰል አለ። በ1910 ባወጣው «የአፍሪካ ትዝታዎች» ልቦለዱ መርከባቸው የተሰበረ አውሮፓውያን በአንድ የፈጠራ ንጉሥ እጅ ይወድቁና ለመዝናኛ የሚሆን አስደናቂ ትርዒት ያዘጋጃሉ። ዚተር የሚጫወት የሰለጠነ ትል አለ፤ ጎህ ሲቀድ በሰው እጅ ሳይነካ መልክዓ ምድሩን የሚስል ማሽንም አለ፣ የሠራችውም ሴት ናት። አፍሪካ በመጽሐፉ ውስጥ የመድረክ ጨርቅ ናት እንጂ አገር አይደለችም። ይህ ቅር እያለኝም ቢሆን በትሉ ግን ስቄያለሁ። አልፍሬድ ዣሪ ደግሞ አለ፤ ከሞተ በኋላ በ1911 በታተመው የዶክተር ፎስትሮል ታሪኩ «ፓታፊዚክስ» የሚባል ሳይንስ ያቋቁማል፤ ሥራው በሐሳብ ብቻ ያሉ መፍትሔዎችን ማጥናት ነው። እዚያም ሰው በሌለበት ዓለም ብቻዋን እየተሽከረከረች ቀለም የምትተፋ ማሽን አለች። ቲንግሊ ከሦስቱ የትኛውን አልጋው አጠገብ ያስቀምጥ እንደነበር ልነግራችሁ አልመጣሁም። ግን ሳይንስ በጣም ሲከብድ ሥነ ጽሑፍ ወንበሩን ከበታቹ ይስብበታል፤ ቲንግሊ ያደረገው ወንበሩን ከብረት መሥራት ነው።

አፍሪካን ካነሣን ዘንድ፦ ከ1961 እስከ 1963 «ባሉባ» ብሎ የሰየማቸው ተከታታይ ሥራዎች አሉ። ላባ፣ ባለ ቀለም ፕላስቲክ፣ ፀጉር መሳይ ነገር፣ ሽቦ፤ ሁሉም በሞተር ላይ ታስሮ፣ ብዙ ጊዜም በርሜል ላይ ተተክሎ፣ እንደ ተለከፈ ይንቀጠቀጣል። ስሙ የኮንጎ ሕዝብ ስም ነው፤ ዘመኑ ኮንጎ ነፃ ወጥታ በእሳት ውስጥ የነበረችበት፣ ስሟ ከጋዜጣ ያልወጣበት ነው። የእኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር እዚያው ነበሩ። ኮንጎ ዘምቶ የተመለሰ አባት ወይም አጎት ባለበት ቤት ያደገ ኢትዮጵያዊ ያን ላባ ሲዘል እያየ እንደ ሌላው ጎብኚ ሊስቅ ይቸግረዋል። በዚያ ጊዜ ፓሪስ ውስጥ ስሙ ለነፃነት ትግል ሰላምታ ሆኖ ሊሆን ይችላል። እኔ ያየሁት ግን ላባ የለበሰ፣ ራሱን መቆጣጠር ያቃተው፣ ሰው በረገጠው ቁጥር የሚዘል ነገር ነው። የምወደው ሰው ቤት ውስጥ የማልወደው ሥዕል እንደማየት ነው፤ ዓይኔን ግን አላነሣሁም።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ክፍል አለ፤ ብርሃኑ የደበዘዘ፣ እንደ ጸሎት ቤት ያለ። በ1986 ነሐሴ ቲንግሊ በሚኖርበት በኔሩዝ መንደር የጎረቤቱ የእርሻ ቤት በመብረቅ ተቃጠለ። ከአመዱ ውስጥ የከሰሉ ወጋግራዎች፣ የተጠማዘዘ ብረትና የእንስሳት አፅም ለቀመ። ከተገኙት አንዱ የበቆሎ ማጨጃ ማሽን ነበር፤ የፋብሪካው ስም ላዩ ላይ ተጽፏል፦ «ሜንገለ»። የአውሽዊትዙ ሐኪም ዮሴፍ ሜንገለ የዚያ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ባለቤቶች ልጅ ነው። ቲንግሊ ማጨጃውን መሠዊያ አደረገው፣ ዙሪያውን ሌሎቹን አቆመ፤ «የሜንገለ የሞት ጭፈራ» አለው። ቁልፉን ስትረግጡ የራስ ቅሎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ይዘረጋል፤ የሚጮኸው ብረት ዘይት ያላየ ነው። ባዝል በመካከለኛው ዘመን በመቃብር ግንብ ላይ የተሣለ ታዋቂ የሞት ጭፈራ ነበራት፤ ሞት ጳጳሱንም ገበሬውንም እጁን ይዞ ሲያስጨፍር የሚያሳይ፤ ግንቡ በ1805 ፈርሷል። እዚህ ክፍል ውስጥ በሳይንስ መቀለድ ያልቃል። በሐኪም ካፖርት የሚገድል ሰው የነበረበት ዘመን ላይ ስዊፍትም ኪያሩን ያስቀምጥ ነበር። የአክስቴ ልጅ እዚያ ስለ ቺንጊያ አንድም ቃል አልተናገረም።

ከዚያ ወጥቶ «ግሮሰ ሜታ-ማክሲ-ማክሲ-ኡቶፒያ» ውስጥ መግባት ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው፤ በ1987 ተሠራ፤ 17 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ደረጃ አለው፣ መተላለፊያ አለው፣ ትወጡበታላችሁ። በጎማዎቹ መሃል ቆማችሁ ሲዞሩ ታያላችሁ፤ ቀለማቸው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ልጆች ይንጫጫሉ። አንድ ሽማግሌ ከነከዘራቸው ወጥተው አልወርድም ሲሉ አየሁ። ቲንግሊ የመኪና እሽቅድምድም ፍቅርም ነበረበት፤ ከፎርሙላ አንድ ጋር የተያያዙትን ሥራዎቹን ግን በሩጫ ነው ያለፍኳቸው። ፍጥነት የሚያመልኩ ሥራዎቹ በፍጥነት ላይ የሚቀልዱትን ያህል አልያዙኝም።

አንድ ሥራው የትም ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ሆኖ አይገኝም፤ ታሪኩን ግን ሳልተርክ አላልፍም። ማርች 17 ቀን 1960፣ ኒው ዮርክ፣ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ግቢ። ቲንግሊ ከቆሻሻ መጣያ የሰበሰበውን፣ የብስክሌት ጎማውን፣ ሞተሩን፣ ፒያኖውን፣ የሜትሮሎጂ ፊኛውን አንድ ላይ ገጥሞ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ማሽን ሠራ፤ «ለኒው ዮርክ ክብር» ብሎ። የረዳው ከቤል ላብራቶሪ የመጣ መሐንዲስ ቢሊ ክሉቨር ነው፤ ያ ላብራቶሪ ትራንዚስተር የወለደ መሆኑን አትርሱ። በዚያ ምሽት የተጋበዙ ትልልቅ ሰዎች ቆመው ተመለከቱ። ማሽኑ ጀመረ፤ ፒያኖው ተቃጠለ፤ ሊፈነዳ የታሰበው ሳይፈነዳ፣ ሊወድቅ የታሰበው ሳይወድቅ ቀረ፣ ያልታሰበው ተያያዘ። 27 ደቂቃ ሆነው፤ እሳት አደጋ ሠራተኛ ገብቶ ጨረሰው። ራሱን ለማጥፋት የተሠራ ማሽን ራሱን በሥነ ሥርዓቱ ማጥፋት እንኳ አልቻለም። ከዚህ የተሻለ ስኬት ምን አለ? የተረፈው ቁራጭ አሁን በዚያው ሙዚየም ንብረትነት ተመዝግቦ ይጠበቃል፤ ጓንት ያጠለቀ ሰው ነው የሚነካው።

ባዝልም ያለው ችግር ይኸው ነው፤ የሚያምርም ችግር ነው። ሰውየው የሠራው የሚያልቅ፣ የሚበላ፣ የሚያረጅ ነገር ነው፤ ሙዚየም ደግሞ የተቋቋመው ምንም እንዳያልቅ ነው። ቁልፉን በተደጋጋሚ ከፈቀዱ ማሽኑ ይሞታል፤ ጭራሽ ከከለከሉ ሞቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ ይመጥናሉ፤ እንደ መድኃኒት። የአክስቴ ልጅ አንዱን የጥበቃ ሠራተኛ በጀርመንኛ ይዞ ጥያቄ አወረደበት፦ ሞተሩ ሲቃጠል አዲስ ነው የምትገጥሙት ወይስ አሮጌውን ታስጠቀልላላችሁ? የላላው ቺንጊያ ሲበጠስ ስንት ላልቶ እንደነበረ ማን ያውቃል? ልኩን ጽፋችሁታል? ሰውየው መጀመሪያ ተገረመ፣ ከዚያ በጣም ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው ጎብኚ ብዙ አይደለም መሰለኝ። ሁለቱ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ከአንድ ፑሌጃ ሥር እያዩ ሲወያዩ፣ ለጥበብ መጽሔት የምጽፈው እኔ ዳር ቆሜ ቀረሁ።

ስንወጣ ስለ «ሲክሎፕ» ነገርኩት። ከፓሪስ በስተደቡብ፣ ሚዪ-ላ-ፎሬ ጫካ ውስጥ፣ ቲንግሊና ጓደኞቹ ከ1969 ጀምሮ ለዓመታት የገነቡት 22 ሜትር ተኩል የሚደርስ የብረት ራስ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ያለው፤ ፊቱን የቲንግሊ ባለቤት ኒኪ ደ ሴንት ፋል በመስተዋት ቁራጭ አልብሳዋለች። ሆዱ ውስጥ ትልልቅ የብረት ኳሶች በሐዲድ ይንከባለላሉ። ለሕዝብ የተከፈተው ቲንግሊ ከሞተ በኋላ፣ በ1994 ነው። የአክስቴ ልጅ በጥሞና ሰማኝ። «ኳሶቹ ከወረዱ በኋላ ማን ያወጣቸዋል?» አለ። ማንሻ እንዳለው ነገርኩት።

«ሊፍት አለዋ!» አለ። ስልኩን አውጥቶ የሥራ ተራውን ማየት ጀመረ። «ቅዳሜ ተረኛ ነኝ። ፓሪስ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ እሑድ በጠዋት ከተነሣን እንደርሳለን። ትኬቱን ግን አንተ ነህ የምትከፍለው ጋሼ፤ እኔ ባለሙያ ሆኜ ነው የምሄደው።»